በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ መድኃኒት

ባለፈው ጥር የእህቴን ልጅ ዳርን። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ተሰብስበን ሻንጣዋን እየከተትን ነበር። እህቴ ካባውን አጥፋ፣ ጫማዎቹን በፌስታል ጠቅልላ ስታበቃ የልጅቷን የአስም መድኃኒት አመጣችና ከሁሉም በላይ አስቀመጠችው። ከዚያ አንደኛዋን ሚዜ ጠርታ፣ «ይኸውልሽ፣ ጠዋትና ማታ ነው የምትወስደው። ከረሳች አንቺ አስታውሻት፤ ለእሱም ነግሬዋለሁ» አለቻት። ሚዜዋም እሺ ብላ ሰዓቱን ስልኳ ላይ ሞላች። ወሬው ወዲያው ወደ ፀጉር ሠሪዋ ተመለሰ።

እኔ ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ። ኩሽና ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ሳልጠጣ ቆምኩ። ለእነሱ አንድ ዕቃ ሻንጣ ውስጥ መግባቱ ነው። ለእኔ ግን ከብዙ ዓመት በፊት ሳይገባ የቀረ ሌላ ዕቃ ነበር፤ እሱ ነው የታየኝ።

ነገሩ የጀመረው በደርግ ዘመን፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ገና አልፎ ጥምቀት ሲጠበቅ። አዳማ ያኔ በሁላችንም አፍ ናዝሬት ነበረች። በጥር ነፋሷ አያርፍም፤ ከጋሪ መንገዱ አቧራውን ያነሳና ከደጅ የተሰጣ ልብስ፣ ከገበያ የመጣ ቲማቲም፣ የሰው ጥርስ ሳይለይ ያለብሰዋል። ክሊኒካችን ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ያለ፣ የቆርቆሮ በረንዳ ያለው ቤት ነበር። በሽተኞቹ በረንዳው ላይ በረጅም አግዳሚ ወንበር ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳው የእኔ ድምፅ አይሰማም። ይህን ለራሴ እንደ ምክንያት አድርጌ ይዤው ነበር።

ክሊኒኩን የሚረዳው ከባሕር ማዶ ያለ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በዚያ ዘመን ርዳታ ሲባል ካርቶን ነበር የሚታየን። ጊዜው ያለፈበት ሽሮፕ፣ በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈበት ብልቃጥ፣ ለምን እንደሚሆን ነርሷ ሲስተር ጽጌ እንኳ አገላብጣ የማትለየው ቅባት ይመጣል። ይህ ድርጅት ጠባዩ ለየት ይላል። የሚልከው መድኃኒት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን አይቋረጥም፣ አሮጌም አይልክም። የአገር ውስጥ ተወካዩ አቶ ተስፋዬ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። በሽተኛው የማያውቀው መድኃኒት ግማሹ መርዝ ነው ይሉ ነበር። ስለዚህ ድርጅቱ ከመድኃኒቱ ጋር፣ ስለ መድኃኒቱ የሚጽፍና የሚናገር ሰው እንዲቀጠር ደመወዝ መደበ። ከዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመርቄ ከደብረ ዘይት የመጣሁት እኔ ተቀጠርኩ። ለመጻፉ አልከፋም ነበር። ለመናገር ግን ከእኔ የባሰ ሰው ናዝሬት ውስጥ ተፈልጎም የሚገኝ አይመስለኝም።

ሁልጊዜ ጠዋት በረንዳው ላይ ቆሜ የጻፍኩትን አነብላቸዋለሁ። ወረቀቱን ከፊቴ ጋር እኩል አድርጌ ስለምይዘው ፊቴን የሚያየው የለም። በሽተኞቹ «ባለወረቀቷ» የሚል ስም አወጡልኝ። ሲስተር ጽጌ ደግሞ ገና ከበሩ ስገባ፣ «ዛሬም የሚያስተምረው ወረቀቱ ነው ወይስ አንቺ?» ትለኛለች። እስቃለሁ። ነገ ወረቀቱን ዝቅ አደርጋለሁ እላለሁ። በነጋታው ያው ነው።

የዚያን ማክሰኞ ያነበብኩት ስለሚጥል በሽታ ነበር። አንድ ወር ሙሉ የደከምኩበት ጽሑፍ ነው። የሚታተም ወረቀት ሁሉ ማኅተም በሚጠየቅበት ዘመን ማኅተሙን አግኝቶ ማተሚያ ቤት ገብቶልኝ ነበርና በልቤ ኮርቻለሁ። የወደቀ ሰው ሲገኝ ክብሪት ለኩሶ ማሽተት እንደማይጠቅም፣ በሽታው በመንካት እንደማይተላለፍ፣ በጎኑ አስተኝቶ አጠገቡ መቆየት እንደሚገባ ጽፌአለሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ የተሻላችሁ ቢመስላችሁም መድኃኒቱን በድንገት አታቋርጡ፣ በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል ይላል። ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ስጨርስ አንዲት ልጅ ከአግዳሚው ጫፍ ተነስታ ወደ እኔ ጠጋ አለች። ገነት ነበረች። በቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና የምታድል፣ በእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ሰልፈኛው ሲያጉረመርም በቀልድ የምታበርደው ልጅ። መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ ዓመት አልፏታል፤ አንድም ቀን ወድቃ አታውቅም። ወደ ክሊኒኩ የምትመጣው ግን ሁልጊዜ በጀርባ በኩል፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አውርዳ ነው።

«እህቴ፣ የሳምንቱን ክኒን ባንድ ቀን ብውጠው ምን ይላል?» አለችኝ ቀስ ብላ።

የምትቀልድ መሰለኝ። ከኋላዬ ሲስተር ጽጌ ሰምታ ኖሮ ክንዷን ይዛ ወደ መርፌ ክፍሉ አስገባቻት፤ እኔንም ጠራችኝ።

ገነት ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ልታገባ ነው። እጮኛዋ ደረጀ የአሰብ መስመር ሾፌር ነው፤ ቤተሰቦቹ መቂ ናቸው። ሰርጉ ለሚያዝያ ታስቦ ነበር። ግን መኪናው ለዘመቻ ጭነት ወደ ሰሜን ሊታዘዝ ነው የሚል ወሬ ስለተሰማ ሽማግሌዎቹ አቻኮሉት። ከሰርጉ እስከ መልሱ ድረስ ሙሽሪት መቂ፣ አማቶቿ ቤት ነው የምትቆየው። ሚዜዎቹ ከአጠገቧ አይለዩም፤ የሙሽራው እህቶች ሻንጣዋን ከፍተው ልብሷን እያነሱ ያያሉ፤ ብቻዋን የምትሆንበት ቅጽበት የለም። ክኒኑን የት ታስቀምጠው? መቼ ትዋጠው?

ሲስተር ጽጌ አብዝቶ መዋጥም ማቋረጥም እኩል እንደሚገድል ነገረቻት። ከዚያ ለደረጀ ንገሪው አለቻት። ገነት ጣቶቿን እያየች መለሰች።

«እነግረዋለሁ። ከመልሱ በኋላ፣ እናቴ ቤት ተቀምጠን በራሴ አፍ እነግረዋለሁ። አሁን ከሆነ እናቱ ትሰማለች። እሷ ሰማች ማለት መቂ ሰማ ማለት ነው።»

የበሽተኛ ምስጢር የበሽተኛው ነው። ድርጅቱ ለሥልጠና ሰብስቦን ከሁሉም በፊት ያስተማረን ይህንኑ ነበር። ሲስተር ጽጌ በእኛ በኩል ለማንም እንደማይነገር ቃል ሰጥታት፣ ከሰዓት በኋላ እናቷን እንዳነጋግር እኔን ላከችኝ።

እናቷ እትዬ ዓለሚቱ ግቢያቸው ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀምጠው ለሰርጉ የሚሆነውን በርበሬ ይቀነጥሱ ነበር። ገና በሩን ስከፍት አስነጠሰኝ። አጠገባቸው ጎትተው አስቀመጡኝ፤ የወንጂ ሸንኮራ ቆርጠው በሳህን አቀረቡልኝ። በእጄ ወረቀት ስላልነበረ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። እንደምንም ያለውን አደጋ ሁሉ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ አዳመጡ። እጃቸው ግን ሥራውን አላቆመም፤ ዛላውን ያነሳል፣ ጭራውን ይቆርጣል፣ ይጥላል።

«ልጄ» አሉኝ ስጨርስ፣ «ወረቀትሽ የሚለውን ገነት ነግራኛለች። እውነት ነው። ወረቀትሽ ግን ልጅ አልዳረም።»

ታላቅ እህታቸው በዚሁ በሽታ ምክንያት ከጫጉላ ቤት ተመልሳ ነበር። ሙሽሪት የተመለሰችው በጋሪ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ እያየ። ከዚያ ወዲያ ከእናቷ ጓዳ ሳትወጣ አርጅታ ሞተች። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። ገነት ዓመት ሙሉ ደህና ከሆነች እስከ መልሱ ድረስ እግዚአብሔር አይተዋትም፣ ከመልሱ በኋላ እንደፈለጋችሁ አሉ። እኔም መድኃኒቱ ነው ደህና ያደረጋት፣ ከቀረ የባሰ ይመጣል ስል መለስኩላቸው። እንዲህ ስንመላለስ ገነት ከጓዳ ነጠላዋን ይዛ ብቅ አለች።

ያኔ ሴቶች ሳንቲማቸውን የሚይዙት በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ነበር። ገነት ክኒኖቹን በስኳር ፌስታል ቁራጭ ጠቅልላ ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን ደርባ፣ ቋጠሮውን በብብቷ ስር ሸጉጣ፣ በግቢው ውስጥ እንደ ሙሽራ ቀስ እያለች ተራመደች።

«ሰው ቢያይስ?» አልኳት።

«ሙሽራዋ ቋጣሪ ናት ይላሉ፤ አማቶቼ ደስ ይላቸዋል» አለች። ሁለታችንም ሳቅን። እትዬ ዓለሚቱ አልሳቁም። የበርበሬውን ጭራ በእጃቸው ጠራርገው ሰበሰቡና ተነስተው ገቡ። ዝምታቸውን እንደ እሺታ ወሰድኩት።

ሰርጉ ደማቅ ነበር። ዳሱ ግቢውን ሞልቶ እስከ መንገዱ ወጥቷል። ለደረጀ ክብር የሾፌር ጓደኞቹ መኪኖቻቸውን በአሰብ መንገድ ዳር አሰልፈው፣ ሙሽራው ሲገባ ሁሉም ባንድነት ጥሩንባ ነፉ። ሕፃናት ጆሯቸውን ይዘው ሳቁ። ደረጀ ረጅምና ጥቁር፣ በከረባቱ የተጨነቀ ሰው ነበር። እጁን የሚያስቀምጥበት አጥቶ መሪ እንደያዘ ሰው ከፊቱ አጣጥፎታል። ምሳ ሲቀርብ ገነትን ሲያጎርሳት ጉርሻው ከማነሱ የተነሳ ሴቶቹ አሾፉበት፤ «መቂ በግ የለም እንዴ?» አሉት። አፍሮ ሁለተኛውን አተለቀው።

ልስማት ስጠጋ ቬሎዋን ገለጥ አድርጋ በጆሮዬ፣ «ነጠላዬ ሻንጣ ውስጥ ነው» አለችኝ። ዓይኖቿ ይስቁ ነበር። መኪናው በአበባና በጥብጣብ አጊጦ ወደ ሞጆ መንገድ ሲያቀና አቧራው እስኪሸፍነው ድረስ ቆሜ አየሁት።

መልሱ በሚቀጥለው ሐሙስ ነበር። ሲስተር ጽጌና እኔ ከሥራ አስፈቅደን ሄድን። ዳሱ እንደተተከለ ነው። በጎቹ ታርደዋል፤ የወጡ ሽታ መንገድ ድረስ ይቀበላል። እትዬ ዓለሚቱ አዲስ ቀሚስ ለብሰው ከበር አይርቁም። ሁላችንም የምንጠብቀው የሾፌሮቹን ጥሩንባ ነበር፤ ከሩቅ ይሰማል ተብሎ ሴቶቹ ከበሮውን ይዘው ተዘጋጅተዋል።

መኪናው ያለ ጥሩንባ መጣ። ከበሩ ላይ ሲቆም እንኳ ያየነው ጥቂቶች ነን። ደረጀ በሰርጉ ሱሪና በካናቴራ ብቻ ወረደ፤ ዞሮ በሌላው በኩል ያለውን በር ከፈተና ገነትን በካባዋ እንደተጠቀለለች በሁለት እጁ አንስቶ ገባ። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን የከፈቱ ነበሩ። እልልታው አፋቸው ውስጥ ቀረ።

የሆነውን የሰማነው ከራሱ ነው፣ ቀስ በቀስ፣ ውሃ ካቀመሱት በኋላ። ጎህ ሲቀድ ወደቀች። ነቃች ሲሉ ደግሞ ወደቀች። ቤቱ በሰው ተሞላ። አንዱ ክብሪት ለኮሰ፤ ሌላው አትንኳት ይተላለፋል ብሎ ጮኸ፤ እናቱ ጠበል አስመጡ። የነካት እሱ ብቻ ነው። እየተመላለሰባት ሲያስቸግር አቅፎ መኪናው ላይ አወጣትና ወደ ናዝሬት፣ ሐኪም ወዳለበት ነዳ።

«ዓለም ጤና ከተማን ስናልፍ ተወት አደረጋት» አለ። «ተኛች ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ እንዳትነቃብኝ ቀስ እያልኩ ነበር የምነዳው። ቆቃ ድልድይ ላይ እንኳ ቀስ ብዬ ነው ያለፍኩት።»

ሲስተር ጽጌ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ ወደ ገነት እናት ዞራ፣ ነጠላዋስ ብላ ጠየቀች። እትዬ ዓለሚቱ አላለቀሱም ነበር። ወደ ጓዳ ገቡና የገነትን ነጠላ ይዘው ወጡ፤ ያንኑ የድሮውን። ቋጠሮው ከጫፉ ላይ እንዳለ ነው።

«ይታያል ብዬ ነው» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም። «በአዲስ ነጠላ ቀየርኩት። እስከ መልስ ብዬ ነው።»

ነጠላውን ለደረጀ ሰጡት። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባውም። በትልልቅ ጣቶቹ ቋጠሮውን ፈታ፤ ፌስታሉን ገለጠ፤ ነጫጭ ክኒኖቹን መዳፉ ላይ አፈሰሳቸው። ሲስተር ጽጌ በጥቂት ቃል ነገረችው። ሰው ሁሉ የሚጮህ መስሎት ነበር። አልጮኸም።

«እናቴ፣ ብትነግሩኝ ኖሮ» አለ፣ «እኔው በእጄ አጎርሳት ነበር።»

እትዬ ዓለሚቱ ያን ጊዜ ወደቁ።

ለመልስ የተተከለው ዳስ የለቅሶ ድንኳን ሆነ። ለመልስ የተሠራው ወጥ ለለቀስተኛ ቀረበ፤ የሾፌሮቹ መኪኖች በነጋታው እንደገና ተሰለፉ፣ ያለ ጥብጣብ። ቀብሩ ላይ አቶ ተስፋዬ መጡ። ከአዲስ አበባ ሲመጡ የታተመውን ወረቀቴን በካርቶን ጭነው ነበር፤ የመኪናው ውስጥ ሁሉ የአዲስ ቀለም ይሸታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ግራሩ ጥላ ሥር ቆመን የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ካርቶኑን አልከፈቱትም። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቆዩና፣ «ወረቀቱ ላይ ያልጻፍነው ምን ነበር?» አሉኝ። ያልጻፍነው አሉ፤ አልጻፍሽም አላሉም።

ድርጅቱ ያንን ካርቶን አላሠራጨውም። የባከነውን የኅትመት ወጪ ተወው፣ ለሁለተኛው ጽሑፍም ጊዜ ሰጠን። ሁለተኛው ወረቀት ስለ ሰርግ፣ ስለ ጾም፣ ስለ ጠበል፣ ስለ ለቅሶ ቤት ይናገር ነበር፤ ሰው መድኃኒቱን የሚተውባቸውን ቀኖች ሁሉ ይዟል። ከዓመታት በኋላ ድርጅቱ አገር ለቆ ሲሄድ ወረቀቱ ቀረ። ከዚያም ወረቀቱም ጠፋ። የእህቴ ልጅ ሻንጣ የተከተተበት ነፃነት የመጣው ከዚያ ወረቀት ነው ብዬ አልደፍርም። ዘመን ነው ያመጣው፤ ብዙ ሰው ደክሞበታል። ግን መድኃኒቱ ከካባው ላይ ሲቀመጥ፣ ማንም ዓይኑን ሳይሰብር ሲቀመጥ፣ ያ ረጅም ሾፌር በሩ ላይ ቆሞ የሚያይ መሰለኝ። ገነትን ካጣ በኋላ መኪናው በእርግጥም ወደ ሰሜን ታዘዘ። ተመልሶ ስለመምጣቱ የሰማሁት ነገር የለም።

ሁለተኛው ወረቀት የያዛቸውን ጉዳዮች ሁሉ የነገረን የተማረ ሰው አይደለም። መስማት የጀመርነው ከቀብሩ በማግስቱ ጠዋት ነው።

የዚያን ዕለት በሦስት ሰዓት በረንዳው እንደወትሮው ሞልቶ ነበር። ሲስተር ጽጌ ስገባ አየችኝ፤ ያቺን የዘወትር ቀልዷን አልተናገረችም። ወረቀቴን አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። ባዶ እጄን ወጣሁ። ፊቴ ይነድ ነበር፤ እጄን የማስቀምጥበት አጥቼ ከፊቴ አጣጠፍኩት። የደረጀን የሰርግ ዕለት አቋቋም የያዝኩ መሆኔ የገባኝ በኋላ ነው።

«ዛሬ የማነበው የለኝም» አልኩ። «ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት። መድኃኒታችሁን የማትውጡት መቼ መቼ ነው? ለምን?»

ነፋሱ ቆርቆሮውን አንኳኳ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዱ ጫማውን ማየት ጀመረ። ድምፄ አልተሰማ ይሆናል ብዬ ልደግመው ስል፣ ከቦኩ በኩል የሚመጡ አንዲት እናት ከአግዳሚው መሐል ቀና አሉ። በበሽተኝነት ከቆዩት አንዷ ናቸው፤ ስናገር አንድም ቀን አስተያየት ሰጥተው አያውቁም። ፊቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ስላዩት ነው መሰለኝ ጥቂት አጥንተውኝ ቆዩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄ ቆመው የሚጠይቁት ነገር አይደለም።»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ። እሳቸውም ጀመሩ።